ስለ አንድ ምግብ ቤት አምስት ጎረቤት ጠይቄ አምስት መልስ አገኘሁ፤ የማንን ልስማ?

አዲስ ተከራይ

ወደምኖርበት ሰፈር ከገባሁ ሦስት ወር ሞላኝ። ምግቤን ራሴ ስለማበስል እስካሁን የሰፈሩን ምግብ ቤቶች የማውቃቸው በበራቸው ሳልፍ ብቻ ነው። አሁን ግን እናቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በቀኝ ጆሮዋ የምትሰማው በጣም ጥቂት ነው፣ በግራው ይሻላታል፤ ደረጃ መውጣትም ይከብዳታል። አንድ ቀን ምሳ ልጋብዛት አስቤአለሁ። የምትበላውን ወዳው፣ የማወራትን ሰምታ፣ ሳትሳቀቅ እንድትመለስ እፈልጋለሁ። የምንገናኘው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ያቺ አንዲት ምሳ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት።

ከቤቴ በእግር ስድስት ደቂቃ የሚርቅ፣ ደረጃ የሌለው አንድ ምግብ ቤት አለ። ዝም ብዬ ከምገባ የሰፈሩን ሰው ልጠይቅ ብዬ አምስት ሰዎች ጠየቅሁ።

አከራዬ ገና ስሙን ሳልጨርስ «ልጄ፣ እዚያ እንዳትገባ፤ እኔን አሞኛል» አሉኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ቆይቷል፤ ግን አልረሳውም» አሉ። የሕንፃችን ጥበቃ «ጥሩ ቤት ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም» አለኝ። ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ወጣት ስልኩን አውጥቶ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል አሳየኝ፤ አንተስ ገብተህ ታውቃለህ ስለው ግን ገብቶ አያውቅም። መንትያ ልጆች ያሏት ጎረቤቴ ቤቱን አመስግና አትጠግብም፤ ልጆቿ ቢጮኹ ማንም ፊቱን አያጠቁርባትም። ስለ ምግቡ ስጠይቃት ግን የበላችውን ማስታወስ አቃታት። አምስተኛው አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። «ድሮ ነበር እንጂ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋናዋ አብሳይ ከወጣች ወዲህ ጣዕሙ ሌላ ሆኗል ይላሉ።

አምስቱም ቅን ሰዎች ናቸው፤ ማናቸውም እንደማይዋሹኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የነገሩኝን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ስለ አንድ ቤት የተነገረ አይመስልም። የሰፈር ሰው አስተያየት እንዴት ነው የሚመዘነው? የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?


ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ዳር

ወንድሜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሰሃን ከማጠብ ጀምሬ ዋና አብሳይ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከአምስቱ አስተያየት መጀመሪያ መመርመር ያለበት የአከራይዎ ነው፤ ምክንያቱም «አሞኛል» ከሚለው የሚከብድ ክስ በእኛ ሙያ የለም። እውነት ከሆነ መሰማት አለበት። ሐሰት ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው የብዙ ሠራተኛ እንጀራ ነው።

ሰው ሆዱን ሲያመው ጣቱን የሚቀስረው መጨረሻ ወደ በላበት ቤት ነው። በሽታው ግን እንደዚያ አይሄድም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ተህዋስ በምግቡ ውስጥ ያመረተው መርዝ ከሆነ፣ ትውከቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ኖሮቫይረስ የሚባለው ቫይረስ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እስኪያሳምም ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። ካምፒሎባክተር የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ነው። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ የታመመ ሰው ጥፋተኛው ቅዳሜ የበላው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም በገዛ ቤቱ ያዘጋጀው። አከራይዎን በአክብሮት ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ከበሉ ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመረዎት? አብሮዎት የበላ ሰው ታሞ ነበር? ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ቀናት የት የት በሉ? መልሳቸው የተያያዘ ከሆነ ቃላቸውን ይቀበሉ።

ይህን የምለው ለሙያ ጓደኞቼ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። አንድ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ማታ የተረፈ አንድ ትልቅ ድስት ሾርባ ምድጃው ላይ እንዳለ ትተነው ሄድን። ጠዋት እስኪንተከተክ አፈላነውና ለምሳ አቀረብነው። ሰባት ሰዎች ታመሙ። «አፍልተነዋል እኮ!» እያልን ስንከራከር የመጣው የጤና ተቆጣጣሪ ቁጭ አድርጎ አስረዳን፦ አንዳንድ ተህዋስ ከሞተ በኋላ እንኳ ትቶት የሚሄደው መርዝ እሳት አይበግረውም። ትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ምግብ መሃሉ ቶሎ አይበርድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል፤ ተህዋስ የሚራባውም ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተረፈ ምግብ ጠለቅ ባላለ ሰፊ ዕቃ ሳልከፋፍል ማቀዝቀዣ አስገብቼ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች ውስጥም ይኸው አለ፤ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን ይላል። የእነዚያ ሰባት ሰዎች ፊት ግን ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ አስተምሮኛል።

ወደ ሌሎቹ ልለፍ። ጥበቃው እርስዎ ከገመቱት በላይ ያውቃል። «ወንበር አይገኝም» ማለቱ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ምግብ አያድርም። ነገር ግን ሌላም ነገር ይጠይቁት፤ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። አትክልቱ የሚራገፈው በየቀኑ ነው ወይስ በሳምንት አንዴ? ቆሻሻው ማታውኑ ይወጣል? ወጥ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ፊታቸው የታወቀ ነው ወይስ በየወሩ አዲስ ሰው ይገባል? ሠራተኛ የማይበረክትበት ቤት ጣዕሙም አይበረክትም።

መምህሩ ስለ አብሳይዋ የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እጅ ሲቀየር ጣዕም ይቀየራል። ብቻ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደገቡ አልነገሩዎትም። አንድ ጊዜ ቀምሰው ቀርተው ከሆነ የነገሩዎት ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ናፍቆታቸው ነው።

እርስዎ ራስዎ ሲገቡ ደግሞ አስተናጋጇን «ዛሬ ያለቀ ምን አለ?» ብለው ይጠይቋት። ብዙ ሰው ያለውን እንጂ ያለቀውን አይጠይቅም። «እሱ አልቋል» ብሎ በግልጽ የሚናገር ቤት ለዕለቱ የሚያበስል ቤት ነው። በዝርዝሩ ላይ ስድሳ ዓይነት ምግብ ተጽፎ፣ ወጥ ቤቱ የአንድ መኝታ ክፍል ያህል ሆኖ፣ ስድሳውም ሁልጊዜ «አለ» ከተባለ፣ አብዛኛው የት እንዳደረ ያስቡ። ለእጅ መታጠቢያውም ልብ ይበሉ። ሳሙና ለእንግዳው ካልተቀመጠ ለሠራተኛው ተቀምጧል ብዬ አላምንም።


አስተያየት ጸሐፊ

ያ ወጣት ባሳየዎት አራት ተኩል ኮከብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለበላሁባቸው ቤቶች ለዓመታት ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩን አልንቀውም። አቅም አለው። ማይክል ሉካ የተባለ የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በአንድ የታወቀ የአስተያየት ድረ ገጽ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የምግብ ቤትን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ይህ የታየው በግለሰብ ቤቶች ላይ ነው፤ ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ታዋቂ ስሞች ላይ አልታየም። የሰፈር ቤት በሰው አስተያየት ይነሣል፣ ይወድቃል ማለት ነው።

አቅም ስላለውም ይጭበረበራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ የሚኖርበትን የጓሮ ጎጆ ምግብ ቤት ነው ብሎ አስመዘገበና ወዳጆቹን የሐሰት ምስጋና አስጻፈ። አንድም ሰው በልቶበት የማያውቅ ቤት በታዋቂው የጉዞ ድረ ገጽ ላይ ከከተማይቱ ምግብ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ እኔ አማካዩን ቁጥር ትቼ መካከለኛዎቹን አነባለሁ። አምስት ኮከብ የሰጠ ሰው ተደስቷል፣ አንድ የሰጠ ተናዷል፤ ሦስት የሰጠ ሰው ግን አስቦ ይጽፋል። «ሾርባው ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ግን አርባ ደቂቃ ጠብቀናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከመቶ ኮከብ ይበልጥብኛል።

ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ የበላ ሰው ያየው አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የፈረንሳዩ የሚሽሊን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመኪና ነጂዎች ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 ነው። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጹ፣ ሂሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው ይበላሉ፤ ኮከብ ከመስጠታቸው በፊትም ደጋግመው ይሄዳሉ። ሥራቸው መቅመስ የሆነ ሰዎች በአንድ ምሳ ካልፈረዱ፣ እኛ ለምን እንቸኩላለን? ጎረቤትዎን «ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁት። «ስንት ጊዜ ገባህ? መጨረሻ የገባኸው መቼ ነው? ያን ቀን ምን አዘዝህ?» ይበሉት። አንድ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ሰው በእግሩ መስክሯል።


በአንድ ጆሮ የምሰማ

ስለ እናትዎ የጻፉት ልቤን ነካው። እኔም ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ስለ ምግብ ቤት የሚጽፉ ሰዎች የሚዘሉትን ነገር ልንገርዎ። ለእኔና ለእናትዎ ዋናው ጥያቄ ምግቡ ምን ይመስላል አይደለም፤ ቤቱ ምን ያህል ይጮሃል ነው።

በዕድሜ ምክንያት የሚደክም ጆሮ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። ስ፣ ሽ፣ ት፣ ፍ የመሳሰሉት ይጠፉና ቃሉ ጎዶሎ ሆኖ ይደርሳል። ሰውየው ሲናገር እሰማለሁ፣ የተናገረውን ግን አልለይም። ያኔ ሰዎች ይጮሁብኛል። ጩኸት የጠፋውን ፊደል አይመልስም፤ ፊቴን ብቻ ያቀላዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ «ምን አልህ?» ካልሁ በኋላ እየሳቅሁ ራሴን መነቅነቅ እጀምራለሁ። እናትዎ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለው ፈገግ ካሉ ምናልባት እዚያ ደርሰዋል ማለት ነው።

ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንደጻፈው፣ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በምግብ ቤት ይህ እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ አንዱ ጠረጴዛ ሲጮህ ጎረቤቱ ይጮሃል፣ ከዚያ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም። ወለሉ ሸክላ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ባዶ ከሆነ ድምፁ መጥፊያ የለውም። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት ቤት ይሻላል።

አቀማመጡን እንዲህ ያድርጉት። የእናትዎ ቀኝ ጆሮ ወደ ግድግዳው ይሁን፤ ከግድግዳ ጎን የሚናገር ሰው የለምና የሚያጡት ነገር አይኖርም። እርስዎ በግራቸው ወይም ፊት ለፊት ይቀመጡ። መስኮቱ ከጀርባዎ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ብርሃን ከኋላዎ ከመጣ ፊትዎ ጥላ ይሆናል፣ ከንፈርዎንም ማየት አይችሉም። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን ቀና ብለው ይዩና ከእሱ ይራቁ። ከወጥ ቤቱ በርም ይራቁ። ምሳ ካለፈ በኋላ፣ እራት ሳይጀምር ያለው ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው። በስልክዎ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ መጫን ይችላሉ፤ የሁለት ሰዎች ተራ ጨዋታ ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ቤቱ ባዶውን ከዚያ በላይ ከጮኸ ሌላ ይፈልጉ። ሊሄዱ ባሰቡበት ቀንና ሰዓት ሄደው ይለኩ፤ ማክሰኞ ጸጥ ያለ ቤት ቅዳሜ ሌላ ነው።

ጎረቤትዎ መንትያ ልጆቿ ሲጮሁ ማንም እንደማይቆጣ የነገረችዎት ለእሷ በረከት ነው፤ ለእናትዎ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ምስጋናዋን ከልብ ተቀብለው እሷ ከማትሄድበት ሰዓት ጋር ያዛምዱት።


አስተናጋጅ ነኝ

ከላይ ያሉት አብሳይ እህቴ ስለ ወጥ ቤት የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ለእናትዎ ስለሚያስፈልገው ነገር አስቀድመው መጥተው ይንገሩን። «እናቴ በቀኝ ጆሮዋ አትሰማም፤ ጥግ እፈልጋለሁ» ብሎ የነገረን ሰው ሲመጣ እንዘጋጃለን፤ ዞረን በግራ በኩል እንናገራለን፤ ሙዚቃውንም ዝቅ እናደርጋለን። ሳይነግሩን መጥተው ተከፍተው የሚሄዱ እንግዶች ግን ያሳዝኑኛል። ቅሬታም ካለ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይንገሩን። ጨው የበዛበትን ሰሃን ወዲያው መለወጥ እንችላለን፤ ከሳምንት በኋላ በሰፈሩ የሚዞረውን ወሬ ግን በምን እንለውጠዋለን?


አዲስ ተከራይ (ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን አንድ በአንድ አደረግሁ።

አከራዬን ቡና ይዤ ሄጄ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅኋቸው። ሕመሙ የጀመራቸው ገና ከጠረጴዛው ሳይነሡ ነበር። ባለቤታቸው ከዚያው ሰሃን በልተው ምንም አልሆኑም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ ግብዣ ነበሩ። ይህን ሲነግሩኝ ቆም ብለው አሰቡ። ቀጥሎም «እንደዚያም ቢሆን ልጄ፣ እኔ አልገባም» አሉ። አልተከራከርኋቸውም፤ ያን ቀን የደረሰባቸው መከራ የእሳቸው ነው። እኔ ግን ፍርሃቴ ቀለለልኝ።

ጥበቃው አትክልቱ በየጠዋቱ እንደሚራገፍ፣ ሁለቱ አብሳዮችም እሱ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ያልተለወጡ መሆናቸውን ነገረኝ። ይህን እንደሚያውቅ አላሰብሁም ነበር፤ መጀመሪያውኑ የጠየቅሁት ጥያቄ ትንሽ ስለነበር የሰጠኝም መልስ ትንሽ ነበር። መምህሩ ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አብረን እንሂድ ብላቸው ደስ አላቸው፤ የቀድሞዋን አብሳይ እጅ ግን አሁንም ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ብቻዬን ገባሁ። መሃሉ ላይ ስለካ 71 ዴሲቤል፣ በስተኋላ ከግድግዳው ጥግ 58። በጥጉ ያለው ጠረጴዛ ከድምፅ ማጉያውም ከወጥ ቤቱ በርም ይርቃል። «ዛሬ ያለቀ ምን አለ?» ስላት አስተናጋጇ ሳታፍር ሁለት ነገር ጠራችልኝ። ሳሙና አለ። ሾርባው ትኩስ ነበር፤ ለእኔ ጨው በዝቶበታል፤ ነገርኋት፣ ለወጠችልኝ። ዳቦው ሞቅ ያለ ነው። ሂሳቡ ከዝርዝሩ ጋር ገጥሟል። እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፦ አንድ ቅዳሜ፣ ብቻዬን፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ሾርባና ዳቦ። ስለ እራቱ፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ ሌላው ቀን የምለው ነገር የለኝም።

እናቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትደርሳለች። የጥጉን ጠረጴዛ ይዤአለሁ። አስተናጋጇ ስሜንና ሰዓቱን ከመዘገበች በኋላ ብዕሯን አንሥታ አሰብ አደረገችና ከሥሩ «ቀኝ ጆሮ ወደ ግድግዳ» ብላ ስትጽፍ አየኋት።